በሕፃናት ላይ የሚደርስ በደልና ቸልተኝነት፤ ዓይነቶቹ፣ ምልክቶቹና የክርስቲያን ቤተሰብ ኃላፊነት

ደቀ መዛሙርት በመንግሥተ ሰማያት የሚበልጠው ማን እንደ ሆነ ጌታችንን በጠየቁት ጊዜ፣ እርሱ አንድ ሕፃን ጠርቶ በመካከላቸው እንዳቆመ ቅዱስ ማቴዎስ ጽፎልናል (ማቴ. 18፥1-10)። በዚያው ምዕራፍ ሕፃንን በስሙ የሚቀበል እርሱን ራሱን እንደሚቀበል አስተማረ፤ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክለውን ሰው ደግሞ እጅግ በከበደ ቃል አስጠነቀቀ። ሁለቱ ትምህርቶች ጎን ለጎን የተቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃንን ማክበርና ሕፃንን ከጉዳት መጠበቅ የማይነጣጠሉ ናቸውና።

የሀገራችን ሰው ልጅ ወዳድ ነው። በጉራጌ ምድር ልጅ የወላጆቹ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱም የዘመዱም ነው፤ በጀፎረው ላይ ሲጫወት ያየው ሁሉ ይመክረዋል፣ ይቆጣዋል፣ ያበላዋል። ይህ ልንጠብቀው የሚገባ መልካም ባህል ነው። ይሁን እንጂ ፍቅር ባለበት ቤትም በደል ሊኖር ይችላል። በደሉም ብዙ ጊዜ «ቅጣት»፣ «ሥራ ማስለመድ»፣ «ወግ» ወይም «የቤት ገመና» የሚል ስም ተሰጥቶት ሲኖር ይታያል። ስሙ ያልታወቀ በሽታ መድኃኒት አይገኝለትም። ስለሆነም በዚህ ትምህርት በደሉን በስሙ መጥራትን፣ ምልክቱን መለየትንና ማድረግ የሚገባንን በየተራ እንመለከታለን። በተለይም የምንናገረው የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ስለሆነችው ስለ ወልቂጤ፣ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ስለሆነችው ስለ ቡታጅራ፣ እንዲሁም በዙሪያቸው ስላሉት የገጠር ቀበሌዎች ነው።

1. በደል ስንል ምን ማለታችን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1989 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በመሠረቱ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው ሁሉ ሕፃን ይለዋል። ኢትዮጵያም ኮንቬንሽኑን በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ተቀብላዋለች። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ሕፃን» ወይም «ልጅ» ስንል የሚድኸውን ብቻ ሳይሆን፣ ጢሙ ማቀምቀም የጀመረውን ወንድ ልጅና «ደርሳለች» የምንላትን ልጃገረድ ጭምር ማለታችን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ዓመፅንና ጤናን አስመልክቶ ባወጣው የዓለም ሪፖርት በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን በደል በአራት ይከፍለዋል። እነዚህም አካላዊ በደል፣ ወሲባዊ በደል፣ ስሜታዊ በደልና ቸልተኝነት ናቸው። እኛም በአካባቢያችን ካለው ኑሮ በመነሣት የጉልበት ብዝበዛንና ጎጂ ልማዶችን ለይተን እንጨምራለን።

ሁሉንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር አለ። ይኸውም በደል ፈጻሚው ብዙውን ጊዜ በሕፃኑ ላይ ሥልጣን፣ ኃላፊነት ወይም አመኔታ ያለው ሰው መሆኑ ነው። ሰዎች በደለኛውን በማያውቁት መንገደኛ ላይ ይፈልጉታል፤ ሕፃኑ ግን የሚፈራውን ሰው በስሙ ያውቀዋል። ሰውየው አባት ወይም እንጀራ አባት፣ እናት ወይም እንጀራ እናት፣ አጎት፣ አሠሪ፣ መምህር፣ ጎረቤት፣ አንዳንዴም የሃይማኖት አገልጋይ ሊሆን ይችላል።

2. አካላዊ በደል

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይላል የሀገራችን ተረት። ልጅ ተግሣጽ እንደሚያስፈልገው ማንም አይክድም። ጥያቄው ተግሣጹ የት ላይ አቁሞ በደሉ የት ላይ ይጀምራል የሚለው ነው። በቀበቶ፣ በአለንጋ ወይም በኤሌክትሪክ ገመድ መግረፍ፣ እጅና እግርን ማሰር፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ ጠጠር ላይ ማንበርከክ፣ በበርበሬ ጢስ ማጠን ተግሣጽ ሊባሉ አይችሉም። በርበሬ በምድራችን የተባረከ ሰብል ነው፤ የሕፃን ዓይንና ሳንባ የሚቃጠልበት መሣሪያ ሲሆን ግን በረከቱ ወደ ግፍ ይለወጣል።

ከላይ የጠቀስነው ሪፖርት ስለ ኢትዮጵያ አንድ ልብ የሚነካ መረጃ ይዟል። ከወላጆች ቅጣት የተነሣ በሰውነታቸው ላይ ሰንበር ወይም እብጠት እንደነበረባቸው የተናገሩት ተማሪዎች በከተማ 21 በመቶ፣ በገጠር 64 በመቶ ነበሩ።

ምልክቶቹን ለመለየት የሚከተሉትን ማስተዋል ይጠቅማል።

ሀ. ሲጫወት የወደቀ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ጉልበቱን፣ ቅልጥሙን፣ ክርኑንና ግንባሩን ነው። ጉዳቱ በጀርባ፣ በጭን፣ በመቀመጫ፣ በጆሮ ወይም በአንገት ላይ ሲሆን መጠየቅ ይገባል።

ለ. የተለያየ ቀለም ያላቸው፣ አንዱ ሲድን ሌላው የሚተካ ሰንበሮች በተለያየ ጊዜ የደረሱ ጉዳቶች መሆናቸውን ያመለክታሉ።

ሐ. መዳህ እንኳ ያልጀመረ ጨቅላ ራሱን ሊያቆስል አይችልም። በእርሱ ላይ የሚታይ ሰንበር ሁሉ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው።

መ. የተሰጠው ምክንያት ከቁስሉ ጋር የማይስማማ ሲሆን፣ ወይም ልጁን ወደ ሐኪም ለመውሰድ ቀናት ሲዘገይ ልብ እንበል።

ሠ. ሰው እጁን ሲያነሣ የሚደነግጥ፣ በሙቀት ቀን ሰውነቱን የሚሸፍን፣ ትምህርት ሲያበቃ ወደ ቤት ለመሄድ እግሩ የሚጎተትበት ልጅ በቃል ያልተናገረውን በሁኔታው እየነገረን ነው።

አንዳንድ ወላጆች መጽሐፈ ምሳሌ ስለ በትር የሚናገረውን (ምሳ. 13፥24) ለድብደባ ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል። የመልእክቱ ፍሬ ነገር ግን ልጅን የሚወድ አባት ለሥነ ሥርዓቱ ይተጋል የሚል ነው። ቅዱስ ጳውሎስም አባቶችን ልጆቻቸውን ለቁጣ እንዳያነሣሡ፣ ልባቸውም እንዳይሰበር ያሳስባቸዋል (ኤፌ. 6፥4፤ ቆላ. 3፥21)። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በጣልያን ሀገር በቶሪኖ ከተማ የጎዳና ልጆችን የሰበሰበው ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ ማሳደግን በማስተዋል፣ በሃይማኖትና በፍቅር ላይ መሠረተው። መምህሩ ወይም ወላጁ ከልጁ ጋር እየዋለ ጥፋቱ ከመድረሱ አስቀድሞ እንዲመክረው ያስተምር ነበር። ብዙ ያስቸገሩ ልጆች በዚህ መንገድ ተመልሰዋል።

3. ወሲባዊ በደል

ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚደበቀው በደል ነው። አስገድዶ መድፈር ብቻም አይደለም። የሕፃንን ኀፍረተ ሥጋ መንካት ወይም ማስነካት፣ ነውረኛ ሥዕልና የስልክ ምስል ማሳየት፣ ልጅን ራቁቱን ፎቶግራፍ ማንሣት፣ በገንዘብ ወይም በስጦታ ማባበል ሁሉ ይካተታል። ጉዳቱ በሴቶች ልጆች ላይ ብቻ ሳይሆን በወንዶችም ላይ ይደርሳል። ወንድ ልጅ የደረሰበትን ለመናገር ኀፍረቱ ስለሚበዛበት ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

ቅዱስ መጽሐፍ ይህን በደል አልደበቀውም። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 የንጉሥ ዳዊት ልጅ ትዕማር በገዛ ወንድሟ በአምኖን ትደፈራለች። ታሪኩን ያስተዋለ ሦስት ነገሮችን ያያል። አንደኛ፣ በደሉ የተፈጸመው በውጭ ሳይሆን በቤተ ዘመድ ውስጥ፣ በበሽታና ምግብ በማቅረብ ሰበብ ነው። ሁለተኛ፣ ወንድሟ አቤሴሎም ዝም እንድትል ነገራት። ሦስተኛ፣ አባቷ ንጉሥ ዳዊት ሰምቶ ተቈጣ፤ ነገር ግን ለትዕማር ፍትሕ እንዳደረገ አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ወንጀሉ፣ ዝም ማሰኘቱና ፍርድ መጉደሉ ዛሬም ተያይዘው ሲሄዱ እናያለን።

የሚከተሉት ምልክቶች ጥርጣሬን ሊያሳድሩ ይገባል። በመራመድ ወይም በመቀመጥ ጊዜ የሚሰማ ሕመም፤ የሽንት ወይም የማሕፀን ልክፈት፤ የደም እድፍ ያለበት የውስጥ ልብስ፤ ለዕድሜው የማይመጥን የወሲብ ንግግር ወይም ጨዋታ፤ አንድን ሰው ወይም አንድን ቤት በድንገት መፍራት፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ገንዘብ፣ ልብስ ወይም ስልክ፤ ያልተጠበቀ እርግዝና። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም፤ ሆኖም ዝም ብሎ የሚታለፍም አይደለም። ምንም ምልክት የማይታይበት ልጅም እንዳለ መታወቅ አለበት።

ሕፃን ሲናገር ማመን ተገቢ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት ለሥራ እንጂ ለምስክርነት አልተነገረም። ልጅ የማያውቀውን ነገር በዝርዝር አይፈጥርም።

እዚህ ላይ ስለ ሽምግልና በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የጉራጌ ሽማግሎች ጠብን በማብረድ፣ ደም በማድረቅ የታወቁ ናቸው፤ የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎም የሕዝቡ ኩራት ነው። የተደፈረች ሕፃን ጉዳይ ግን የሁለት ቤተሰቦች ጠብ አይደለም። በካሣ፣ በይቅርታ ወይም ልጅቱን ለደፋሪው በማጋባት ሲያበቃ የታረቁት ጎልማሶቹ ናቸው፤ ሕፃኗ ግን ፍርድ ሳታገኝ ትቀራለች፤ ደፋሪውም ሌላ ሕፃን ለማጥፋት ነፃ ይወጣል። ይቅርታ ክርስቲያናዊ ምግባር ነው፤ ፍትሕን ግን አያስቀርም። ሽማግሎቻችን እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣባቸው «ይህ የእኛ አይደለም፤ ወደ ሕግ ሂዱ» ቢሉ ለሕዝባቸው ትልቅ ውለታ ይሆናል።

4. ስሜታዊ በደል

ሰንበር የማይተው ቁስል አለ። ልጅን ዘወትር «ደደብ»፣ «እርጉም»፣ «ባልወለድሁህ» እያሉ መስደብ፣ ከወንድሙ ጋር እያወዳደሩ ማዋረድ፣ ጥዬህ እሄዳለሁ እያሉ ማስፈራራት፣ የእንጀራ ልጅን ከማዕድ መለየት፣ አካል ጉዳተኛ ልጅን ከእንግዳ ዓይን መሸሸግ ሁሉ ስሜታዊ በደል ነው። «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው፣ ልጅ ስለ ራሱ በተደጋጋሚ የሰማውን እንደ እውነት ይይዘዋል።

ከዚህ ጋር የሚቆጠረው ሌላው ጉዳይ ልጅ በእናቱ ላይ የሚደርሰውን ድብደባ እያየ ማደጉ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምርምር ጣቢያ ባቋቋመባት በቡታጅራና በአካባቢዋ በተደረገው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የብዙ ሀገሮች ጥናት፣ ባል ወይም የትዳር ጓደኛ ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች መካከል 71 በመቶዎቹ በሕይወታቸው ዘመን ከእርሱ አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ይህን ቁጥር ስናነብ በየቤቱ ጥግ ሆነው ሲያዩና ሲሰሙ የነበሩትን ሕፃናት አንርሳ። እጁ ያልተነካ ልጅም በፍርሃት ሲያድግ ተበድሏል።

ምልክቶቹ፦ ካቆመ በኋላ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት፣ መንተባተብ፣ ከጓደኞች መገለል፣ በትምህርት ድንገተኛ ድክመት፣ ታናናሾችን ወይም እንስሳትን ማሠቃየት፣ ራስን መጥላትና ስለ ሞት መናገር ናቸው።

5. ቸልተኝነት

ከላይ ያየናቸው በደሎች ክፉ ነገር በማድረግ ይፈጸማሉ፤ ቸልተኝነት ግን የሚገባውን ባለማድረግ የሚፈጸም ነው። ምግብን፣ ልብስን፣ ሕክምናን፣ ትምህርትን፣ ጥበቃንና ፍቅርን መንፈግ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ክትባቱ ያልተሟላለት ጨቅላ፣ ፍም ባለበት ቤት ተቈልፎበት የሚውል ሕፃን፣ ታሞ ሳምንት ሙሉ ሐኪም ያላየው ልጅ፣ ትምህርት ቤት ይሂድ አይሂድ ማንም የማይጠይቀው ተማሪ የዚህ ምሳሌዎች ናቸው።

በዚህ ረገድ ጥንቃቄ ያሻል። ድህነት ቸልተኝነት አይደለም። ቆጮዋን ለልጆቿ አካፍላ እርሷ ውኃ ጠጥታ የምታድር እናት ቸልተኛ ልትባል አይገባም፤ የሚገባት እርዳታ ነው እንጂ ወቀሳ አይደለም። መለያው ጥያቄ «ያለውን ለልጁ አድርጓልን?» የሚለው ነው። ለልጁ ደብተር መግዣ አጥቶ ለዕለት ጫቱና ለመጠጡ የማያጣ አባት የቸገረው ሰው አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖትን እንደ ካደ እንደሚቆጠር ጽፏል (1 ጢሞ. 5፥8)።

ሌላው መልክ የወላጅ ርቀት ነው። ከአካባቢያችን ብዙ አባቶች ለንግድ ወደ አዲስ አበባ፣ ብዙ እናቶችም ለሥራ ወደ ዐረብ ሀገሮች ይሄዳሉ፤ ልጆች ከአያት ጋር ይቀራሉ። ይህን የሚያደርጉት ልጆቻቸውን ስለሚወዱ ነው። ነገር ግን የተላከ ገንዘብ ልጅን ሊያበላና ሊያለብስ ይችላል እንጂ አያሳድግም። ልጁን የሚከታተል፣ ስለ ትምህርቱ የሚጠይቅ፣ ማታ መግባቱን የሚያረጋግጥ አንድ የታወቀ ሰው ሊመደብለት ይገባል።

የልደት ምዝገባም የዚሁ አካል ነው። የ2008 ዓ.ም. የሀገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት መካከል ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህል ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ምዝገባው በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ነው። ዕድሜዋ በወረቀት ያልተረጋገጠ ልጅ ያለዕድሜዋ ስትዳር ወይም በፍርድ ቤት ዕድሜዋ ሲያከራክር መከላከያ የላትም። ልጅን ለማስጠመቅ የሚተጋ ቤተሰብ ለማስመዝገብም ይትጋ።

6. የጉልበት ብዝበዛና የአደራ ልጅ

የጉራጌ ሕዝብ በታታሪነቱ የታወቀ ነው። ከሊስትሮ ሣጥን ተነሥተው ትልቅ ነጋዴ የሆኑ ሰዎች ታሪክ በየቤቱ ይነገራል። ልጅን ሥራ ማስተማር በደል አይደለም፤ ልጅ ከብት ቢጠብቅ፣ ውኃ ቢቀዳ፣ እናቱን በእንሰት ሥራ ቢረዳ ያድግበታል። በደል የሚሆነው ሥራው ከዕድሜውና ከአቅሙ ሲያልፍ፣ ትምህርቱን ሲያስጥለው፣ ጤናውን ሲጎዳ ወይም ሌላ ሰው ሲበለጽግበት ነው። በ2007 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሕፃናት ጉልበት ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት ከሆኑት ልጆች 42.7 በመቶ የሚሆኑት፣ ማለትም ወደ 16 ሚሊዮን የሚጠጉት፣ ተገቢ ባልሆነ የጉልበት ሥራ ላይ እንደነበሩ አመልክቷል።

በተለይ ልናስብለት የሚገባ የአደራ ልጅ ነው። «አስተምርልሃለሁ» ተብሎ ከገጠር ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ቡታጅራ ወይም ወደ አዲስ አበባ ከዘመድ ጋር የሚሄድ ልጅ አለ። ልጆቹን ተቀብለው እንደ ልጃቸው ያሳደጉ፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ብዙዎች ናቸው፤ እግዚአብሔር ዋጋቸውን ይክፈላቸው። ነገር ግን ንጋት ላይ ተነሥታ እኩለ ሌሊት የምትተኛ፣ ከቤቱ ልጆች የተረፈውን የምትበላ፣ የተባለላትን ትምህርት ቤት ደጃፉን ያላየች ልጅም አለች። የእርሷ ስም «ዘመድ» ቢሆንም ኑሮዋ የባሪያ ነው።

ለዚህ የመስቀል በዓል መልካም ዕድል ይሰጠናል። በመስቀል ሰሞን በየከተማው የተበተነው ቤተሰብ ወደ ሀገሩ ይሰበሰባል። ልጁ ለበዓል ሲመጣ ወላጅ ወይም አያት ለብቻው ተቀምጦ ያነጋግረው፤ የት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ፣ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ፣ ማን እንደሚመታው ይጠይቀው፤ ደብተሩንና ሰውነቱን ይመልከት። ልጁ ለበዓል እንዲመጣ የማይፈቀድለት ከሆነም ምክንያቱን ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። በበዓሉ ማግሥት ሌላ ልጅ ለመውሰድ ለሚመጣ ዘመድ ወይም ደላላ፣ በቃሉ ብቻ ተማምኖ ልጅን መስጠት አይገባም።

7. ጎጂ ልማዶች

የሴት ልጅ ግርዛት፣ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ጠለፋ፣ እንጥል መቁረጥና የሕፃናትን ግግ ማውጣት «ለልጁ ይበጃል» ተብለው የሚፈጸሙ ጉዳቶች ናቸው። በግርዛት ረገድ ተስፋ የሚሰጥ ለውጥ አለ። የሀገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንዳሳዩት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል የተገረዙት በ1992 ዓ.ም. 80 በመቶ፣ በ1997 ዓ.ም. 74 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 65 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ይቀንስ እንጂ አሁንም እጅግ ብዙ ነው። ግርዛት የሃይማኖት ትእዛዝ አይደለም፤ ከወንጌልም ከቤተ ክርስቲያናችን ትምህርትም ድጋፍ የለውም።

ወግ ሊለወጥ አይችልም የሚል ቢኖር፣ የጉራጌ ሕዝብ ራሱ በሽማግሎች ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት የተከራከረችውን የቃቄ ውርድዎትን ዛሬም ድረስ በኩራት ያስታውሳታል።

8. የሀገሪቱ ሕግ ምን ይላል?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት ወላጆቻቸውን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት፣ ጉልበታቸውን ከሚበዘብዙ ልማዶች የመጠበቅ፣ በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞችም ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይወስናል።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ ልጅን ማንገላታትን (አንቀጽ 576)፣ የሴት ልጅን ግርዛት (አንቀጽ 565)፣ ያለዕድሜ ጋብቻን (አንቀጽ 648)፣ የማሳደግ ግዴታን አለመፈጸምን (አንቀጽ 659) ወንጀል አድርጓቸዋል። ዕድሜው 13 ዓመት ባልሞላ ሕፃን ላይ ግብረ ሥጋ የፈጸመ ከ13 እስከ 25 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል (አንቀጽ 627)። በቀድሞው የ1949 ዓ.ም. ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ ያመልጥ ነበር፤ በአሁኑ ሕግ ግን ጋብቻው ከቅጣት አያድነውም (አንቀጽ 587)። ይህን ለሽማግሎችም ለወላጆችም ማሳወቅ ያስፈልጋል።

9. የቤተ ክርስቲያን ኃላፊነት

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ወላጆች የልጆቻቸው ቀዳሚ መምህራን መሆናቸውን አስተምሯል። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያን ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር ለልጆች መብትና ክብር ልዩ ትኩረት እንዲሰጥ አሳስበዋል።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ሌላው ቤት ስታስተምር ስለ ራሷም ቤት ዝም ልትል አትችልም። በተለያዩ የዓለም ክፍሎች ካህናትና ገዳማውያን በሕፃናት ላይ በደል እንደፈጸሙ፣ አንዳንድ ኃላፊዎችም እንደሸፈኑ በግልጽ ታውቋል። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በግንቦት ወር 2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቋሚነት ባጸኑት ድንጋጌ ማንኛውም ካህን ወይም ገዳማዊ እንዲህ ያለውን በደል ሲያውቅ ለሚመለከተው የቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት፣ የሚያመለክተው ሰውም ዝም እንዲል እንዳይገደድና እንዳይበደል ደንግገዋል። ድንጋጌው ጳጳሳትንም ይመለከታል፤ የሀገር ሕግ የሚያዝዘውንም አያስቀርም።

የምሥጢረ ንስሐ ማኅተም ፍጹም የማይፈታ መሆኑን ምእመናን ያውቃሉ። ስለዚህ አንድ ሕፃን ወይም ወላጅ እርዳታ ሲሻ ጉዳዩን ከኑዛዜ ውጭም ለካህኑ ወይም ለታመነ ሰው ቢነግር ካህኑ ለመርዳት ነፃ ይሆናል።

10. ምን እናድርግ?

ሀ. ልጁ ሲናገር በጸጥታ እናዳምጠው። አንጩህበት፣ አንውቀሰው፣ ደጋግመንም አንመርምረው። «መናገርህ መልካም ነው፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» እንበለው። ለማንም አልናገርም ብለን ግን ቃል አንግባለት፤ የሚረዱትን ሰዎች መንገር ሊኖርብን ነውና።

ለ. የሰማነውን በልጁ ቃል፣ ከቀኑ ጋር እንጻፈው።

ሐ. ልጁን መጀመሪያ ከአደጋው እናርቀው። ተጠርጣሪውን በራሳችን አንጋፈጠው፤ ልጁን ለበቀል ሊያጋልጠው ይችላል።

መ. ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ ሰውነቱን ሳናጥብ፣ ልብሱንም ሳናጥብ በወረቀት ጠቅልለን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል እንሂድ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይጠቅማል። በቡታጅራና በወልቂጤ ካሉት ሆስፒታሎች ሌላ፣ በወልቂጤ አቅራቢያ በ1969 እ.ኤ.አ. በሕክምና ተልእኮ እኅቶች የተመሠረተው የአጣጥ ሆስፒታል አለ።

ሠ. ለፖሊስና የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ለሚከታተለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት እናመልክት። ለማመልከት የልጁ ወላጅ መሆን አያስፈልግም።

ረ. በደሉ የመጣው ከድካም፣ ከድህነት ወይም ካለማወቅ ከሆነ ቤተሰቡን እንደግፍ። የቁምስና ማኅበራትና ዕድሮች አንዲትን ብቻዋን የምታሳድግ እናት በሳምንት ጥቂት ሰዓት ቢያግዙ ብዙ ጥፋት ይከላከላሉ።

ውድ አንባቢያን፤ ትዕማር በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና እንደ ተቀመጠች ተጽፏል። በሰፈራችን ያለ ማንኛውም ልጅ እንዲህ ብቻውን እንዳይቀር እግዚአብሔር የሚያይ ዓይን፣ የሚሰማ ጆሮና የማይፈራ አንደበት ይስጠን።

ለቤተሰብና ለቁምስና ማኅበራት የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችን ከምንጠቀምባቸው የቅጣት ዓይነቶች የትኞቹ ያስተምራሉ? የትኞቹስ ይጎዳሉ?

2. 2 ሳሙ. 13፥1-22ን አንብቡ። ትዕማርን ማን ሊረዳት ይችል ነበር? በእኛ ሰፈር ይህን ኃላፊነት የሚሸከመው ማን ነው?

3. ከቤተሰባችን ለዘመድ የተሰጠ ልጅ አለን? ለመጨረሻ ጊዜ ለብቻው ያነጋገርነው መቼ ነው?

4. በድህነትና በቸልተኝነት መካከል ያለውን ልዩነት በምሳሌ አስረዱ። ማኅበራችን ለችግረኛ ቤተሰቦች በዚህ ሩብ ዓመት ምን ማድረግ ይችላል?

5. አንድ ሕፃን ዛሬ ቢነግረን፣ በመጀመሪያው ቀን የምንወስዳቸው እርምጃዎች ምን ምን ናቸው?